ሁለት ድርሻ ቱና

የመንደሩ የሶላር ኃይል ኃላፊ ቴጋይ ወደ ግቢዋ ሲገባ ሲሊያ በመስኮት አየችውና ፍሪዘሯን በአልጋ ልብስ ሸፍና ላዩ ላይ ቁጭ አለች። ቴጋይ በሩ ላይ ቆሞ ጆሮውን ቀሰረ።

"እትዬ ሲሊያ፣ ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?"

"የባሕሩ ነው።"

"ባሕሩ አልጋ ልብስ ለብሶ?"

ሳቋ አመለጣት።

ደሴቲቱ ፀሐይ ካየች ሰንብታለች። ባትሪው እየተሟጠጠ ነው፤ ለጄነሬተሩ ናፍጣ የሚያመጣው መርከብ የሚደርሰው ደግሞ ገና ቅዳሜ ነው። ትናንት ሽማግሌዎቹ ዛጎል እንደ መለከት አስነፍተው መንደሩን ሰበሰቡና፣ ፀሐይ እስክትወጣ ፍሪዘር ሁሉ ይነቀል፣ የቀረው ኃይል ለጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅ ይሁን አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም ቤቱ ገባና "የኔ አንዷ ምን ታመጣለች" ብሎ ተወው። በቱቫሉ ደሴቶች ሽማግሌ ፊት እምቢ አይባልም።

"ማንም አልነቀለም" አለ ቴጋይ። "ቆጣሪው ላይ ይታያል። በዚህ ከቀጠልን ነገ ክትባቱ ይበላሻል። ልጄ ሰኞ ልትከተብ ነበር።"

"ታዲያ ፓስተሩ ጋ አትሄድም?"

"ሄጄ ነበር። እሱ ፍሪዘሩ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ አስቀምጦበታል።"

ሲሊያ አሁን አልሳቀችም።

"ማሌኮ ቅዳሜ ይመጣል" አለች። "ልጄ ዓመት ሙሉ የጭነት መርከብ ላይ የቆርቆሮ ምግብ ሲበላ ነው የከረመው። ይሄን ቱና ያጠራቀምኩት ለሱ ነው። ባዶ እጄን ልቀበለው?" እንባዋ መጣ።

ቴጋይ መሬት መሬቱን እያየ ወጣ።

ብቻዋን ስትቀር ክዳኑን ከፍታ ዓሣዎቹን አየች። ማጠራቀም ከጀመረች ጀምሮ በየማታው እያየቻቸው ደስ ይላት ነበር። የቴጋይ ልጅ ግን ከፊቷ አልጠፋ አለች፤ ስትወለድ መጀመሪያ ያቀፈቻት እሷ ናት። በቴጋይም፣ በደመናውም፣ በራሷም ተናደደች። ከዚያ ሶኬቱን ነቀለች።

ዓሣውን በጋሪ ጭና ወደ መሰብሰቢያው አዳራሽ ስትሄድ ሆን ብላ ረጅሙን መንገድ ያዘች።

"ወዴት ነው ሲሊያ?" አለች ጎረቤቷ ሎሳ ከደጇ።

"ፍሪዘሬን ነቅዬ ወደ አዳራሹ ነው! ሳይበላሽ እንካፈለው!"

ሎሳ ፊቷ ቀላ። ብዙም ሳትቆይ የራሷን ዓሣ ተሸክማ ተከተለች። ቀጥሎ ሌሎቹ፣ በመጨረሻም ፓስተሩ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ሳይመሽ የአዳራሹ ምንጣፍ በዓሣ ተሞላ፤ ቴጋይም ቆጣሪውን አይቶ እየሳቀ ተመለሰ።

የመንደሩ ዓሣ ሲከፋፈል ድርሻው በሰው ቁጥር ነው። አከፋፋዩ ሽማግሌ ፔኒየሊ ተራው ሲሊያ ጋ ሲደርስ ቀና አለ።

"ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?"

ሁልጊዜ "አንድ" ነበር መልሷ።

"ሁለት" አለች።

"ልጅሽ ባሕር ላይ አይደል እንዴ?"

"ቅዳሜ ቤቱ ነው። ቁጠረው አባባ።"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ፔኒየሊም እየሳቀ አንድ ወፍራም ቱና ጨመረላት።

ሲሊያ ቤቷ እንደደረሰች የማሌኮን ድርሻ ሰንጥቃ ጨው ነሰነሰችበት። ከዚያ እናቷ ፍሪዘር ሳይኖር ታደርገው እንደነበረው የኮኮናት ልጣጭ አቀጣጠለችና ጭሱ ላይ ሰቀለችው።