የታገዱ ሁለት ቃላት

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» ይለዋል። ሜትር ከአንገቱ ስለማይጠፋ ብቻ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነውና የሰውን ንግግር ሳይቀር ይለካል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ለቅሶ ቤት «ነፍስ ይማር» ያለ ሰው አለቀለት።

«ለሞተ ሰው አይጸለይም! የሚድነው ዓለም ሳይፈጠር ተመርጧል። ‹ያጽናችሁ› በሉ፣ ይበቃል።»

ይህን የተማረው ከጥንቱ የፕሮቴስታንት መምህር ከካልቪን መጻሕፍት ነው። ሰውየው መቃብሬ ላይ ምልክት እንዳታደርጉ ብሎ ከሞተ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ትምህርቱ ግን ይኸው በሜትር ሱቅ፣ በመቀስና በክር መሃል፣ እንደ ልቡ ይኖራል።

ሜትር የገዛ ወንድሙ በሞተ ጊዜ እንኳ አልራራም። የወንድሙ ሚስት ሬሳ ሣጥኑን አቅፋ «ነፍሱን ይማር» ስትል፣ በሰው ፊት ክንዷን ይዞ አስቆማት። እሷም እሺ ብላ አፏን ያዘች። ዛሬ እዚያው ሱቅ ቁልፍ ትተክላለች፤ ደግ ሴት ናት፣ ቂም አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሜትር ልጅ ሞተ። መጠጥ አብዝቶ ከጌታ እራት የታገደ ልጅ ነበር፤ እግዱን በጉባኤ ፊት ያነበበው አባቱ ራሱ ነው። «ንስሐ ሲገባ ይመለሳል» ብሎ ነበር። ልጁ ሳይመለስ መኪናው ተገለበጠ። ወይ ጉድ! ለባዳ ሲሆን እንዴት ቀላል ነበር ያ ትምህርት።

በቀብሩ ዕለት ምእመናኑ አንድም ሳይሳሳቱ «ያጽናህ» አሉት። ጥሩ አስተማሪ ነበራቸዋ! ሜትር እስኪመሽ ጆሮውን ቢያቀና፣ ለልጁ ምሕረት የሚለምን አንድ አፍ ጠፋ።

ዛሬ ሱቁን ከፈተ። ልጁ አሳጥርልኝ ብሎ የተወው ሱሪ መደርደሪያው ላይ አለ። ሊቆርጠው መቀሱን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«እህቴ» አላት የወንድሙን ሚስት። «ያን ቃል... ያኔ የከለከልኩሽን። ለልጄ በይልኝ።»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «ጋሼ፣ አይባልም ብለኸን የለ እንዴ?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ አንተው ለምን አትለውም?»

«ሞከርኩ። አፌ እምቢ አለኝ።»

«እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ ለባሌም ብዬለት አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በመጣብኝ ቁጥር እውጠዋለሁ። ኃጢአት ነው ብለኸኛል።»

ሜትር አንገቱን ደፋ። በቀብሩ ያልመጣው እንባ አሁን መጣ።

እሷም ሆዷ አልቻለም። ተነሥታ ትከሻውን ያዘችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ነፍስ...» አለች።

ሜትር ትንፋሹን ያዘ።

«ነፍስ...» ‹ይማር› የሚለው አልወጣ አላት። «ነፍስህን ያጽናት፣ ጋሼ።»

እንዳስተማራት ነበር ያለችው። እሱም እንዳስተማረው «አሜን» አለ።