ጆሮ ውስጥ የገባው ነጭ ሽንኩርት

ሽታው ከሦስቱ ልጆች ቀድሞ ገባ። የትምህርት ቤቱ ነርስ ብድግ ብላ መስኮቱን ከፈተች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁስል አጥባለች፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማትም።

«የቷ ናት?»

የዳኛው ልጅና በቅርቡ ከጎረቤት አገር ተሰዳ የመጣችው ልጅ መሃላቸው ያለችውን ገፋ አደረጓት። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ናት። ሻርፗን ፈታች። ከግራ ጆሮዋ የወረደው መግል አንገቷ ላይ ደርቆ ቢጫ ቅርፊት ሠርቷል።

«ምን ከተትሽበት?»

«ነጭ ሽንኩርት። አንድ ፍሬ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ።»

«ማነው ያዘዘልሽ?»

የዳኛው ልጅ ስልኳን ዘረጋች። አንድ ጋዋን የለበሰ ወጣት ጥርሱን እያሳየ ይለፈልፋል። «ሦስት መቶ ሺህ ሰው ወዶታል፣ ሲስተር።»

«ሐኪም ነው?»

«ጋዋን ለብሷላ!»

«ሥጋ ቆራጩም ይለብሳል።»

ሰውዬው የሚናገረውን ቋንቋ የምታውቀው ስደተኛዋ ናት፤ የተረጎመችውም እሷ። ዳታ እንዳያልቅባቸው ሦስቱም ማንኛውንም ቪዲዮ ግማሽ ላይ ያቆማሉ። ነርሷ እስከ መጨረሻው አስኬደችው።

«አሁን ምን አለ?»

ስደተኛዋ ፊቷ ልውጥ አለ። «በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከውጭ ብቻ አስጠጉት... ወደ ውስጥ እንዳታስገቡት።»

ነርሷ ወረንጦውን አነሳች። ፍሬው በስብሶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ዝልግልግ ነገር እየጎተተ ወጣ። ስደተኛዋ አፏን ይዛ ወደ መታጠቢያው ሮጠች።

«ከክፍላችሁ ሃያ እርምጃ ላይ ተቀምጬ!» ነርሷ ጮኸች። «ይሄ ቀባጣሪ ከእኔ በለጠባችሁ?»

«መጀመሪያ ጆሮዬ መግል ሲያወጣ መጥቼ ነበር» አለች የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ ቀና ሳትል።

«ወደ እኔ?»

«ሰልፍ ነበር። እርስዎ ‹አንቺ ነሽ እንዴ የምትሸቺው?› አሉኝ፣ ወንዶቹ ሁሉ እየሰሙ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ‹ግሟ› ሆኗል።»

ነርሷ ትዝ አላት። የልጆቹ ሳቅም ትዝ አላት፤ እሷም አብራ ፈገግ ብላ ነበር። ሳህኑ ላይ ካስቀመጠችው ብስባሽ ይሄ ባሰ።

ጆሮውን በጥጥ ጠረገችላት።

«ወደ ግድግዳው ዙሪ። ደህናውን ጆሮሽን በጣትሽ ድፈኚው። ድምፅ ስትሰሚ እጅሽን ታነሻለሽ።»

ነርሷ ከልጅቷ ግራ ጆሮ አጠገብ ጣቶቿን አፋተገች። ጠበቀች። ጠጋ ብላ ደገመች። ከዚያ ከንፈሯን የልጅቷ ጆሮ ላይ ለጥፋ አንሾካሾከች። ከመታጠቢያው የተመለሰችው ስደተኛ የዳኛውን ልጅ ክንድ ጨበጠች።

«ሲስተር፣ አልጀመሩም እንዴ?» አለች የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ለግድግዳው።

ነርሷ ዞራ በደህናው ጆሮዋ በኩል ቆመች። የልጅቷን ጣት ቀስ ብላ አወረደችው።

«ጨርሻለሁ» አለቻት። «ሻርፕሽን ልበሺ፤ ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን።»