ያልተቀቀለ ዮሞጊ

፩

ቅጠሉን እንዳትቀቅሉት። ከተቀቀለ ሽታው ይሄዳል።

(ይህ መመሪያ የትርሲት ነው። ስህተት ነው። እኔ አውቃለሁ፣ እናንተም አሁን አወቃችሁ፤ እሷ ግን ገና ናት። እባካችሁ አታሳብቁብኝ።)

፪

ትርሲት የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ሹን የሚባል ጃፓናዊ አግብታ አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ውስጥ ትኖራለች። የሹን እናት ወይዘሮ ፉሚኮ ጸደይ ሲገባ ሊጠይቋቸው ይመጣሉ፤ ዘንድሮም መጥተዋል።

ፉሚኮ ክፉ አማት ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ነበር። ችግሩ ጨዋ መሆናቸው ነው። ዶሮ ወጥ ሠራችላቸው፤ «በጣም ይጣፍጣል» አሉ። ሩዝ አሳረረች፤ «በጣም ይጣፍጣል» አሉ። ልጃቸው ሻይ ሲያቀጥን ግን ልክ ልኩን ይነግሩታል።

ትርሲት ይከፋታል። እናቷ ቤት የሚመሰገነው እንግዳ ነው፤ ልጅ ይሰደባል። እሷ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ እንግዳ መሆን ሰልችቷታል።

፫

ስለ ቅጠሉ።

ዮሞጊ በጸደይ በየወንዙ ዳር የሚበቅል የዱር ቅጠል ነው። ዛሬ ጠዋት ትርሲት አንዱን ቀንጥሳ በጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችው።

አሪቲ።

እናቷ በዓል ሲመጣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የምትቋጥረው አሪቲ፣ ቁርጥ እሱን። እንባዋ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። አሪቲን ማን ቀቅሎ ያውቃል?

፬

ለፓንኬክ የሚያስፈልጉ፦ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ትንሽ ጨው፣ ሁለት እፍኝ ዮሞጊ፣ አጠገቡ የተገኘ ሴሪ የሚሉት ሌላ የዱር ቅጠል (ዮሞጊው ብቻውን እንዳይሆን)፣

ድፍረት።

፭

ቅጠሉን ከትፋ ሊጡ ውስጥ ጨመረች። መጥበሻው ላይ አንድ ጭልፋ አፈሰሰች። አረፋ አረፋ ሲል ገለበጠችው። ፓንኬኩ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ ሲያዩት ያስጎመጃል። ቤቱ በዓል በዓል ሸተተ።

፮

ፉሚኮ፦ በዮሞጊ ሠሩት? ደከሙልኝ እኮ።

ትርሲት፦ ቆይ እማ፣ ሹካውን ያስቀምጡት። በእጄ ላጉርስዎት።

ፉሚኮ፦ በእጅዎ?

ትርሲት፦ በኛ አገር እንዲህ ነው። እምቢ አይባልም።

(ፉሚኮ ጥርስ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው አፋቸውን ከፈቱ።)

፯

መረረ።

፰

ፉሚኮ፦ በጣም…

(ውሃ ተጎነጩበት።)

ፉሚኮ፦ ምን ነካሽ? ሳትቀቅይው ነው የሠራሽው?

ትርሲት፦ ይቀቀላል እንዴ?

ፉሚኮ፦ ምን ዓይነቷ ሞኝ ናት። ይቀቀላል፣ ይለቀለቃል፣ ይጨመቃል። ሹን፣ ተነስ፣ ሚስትህ ልትገድለኝ ነው። ነይ እስቲ፣ ሽርጡን ወዲህ በይ።

ትርሲት ወደ ማቀዝቀዣው ዞራ ወተት የምትፈልግ መሰለች። ወተቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ፊቷ ላይ የመጣውን ሳቅ የምትደብቅበት ሌላ ቦታ አጥታ ነው። በዚያች ከተማ እንደ እሷ ተሰድቦ የተደሰተ ሰው የለም።

፱

ፉሚኮ የተረፈውን ዮሞጊ ቀቀሉ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቁ፣ ጨመቁ፣ እያጉረመረሙ አዲስ ሊጥ መቱ። ተቀቅሎም አሪቲ አሪቲ ይላል፤ ትርሲት እዚህም ላይ ተሳስታ ኖሯል።

የመጀመሪያው ፓንኬክ ሲወጣ ፉሚኮ ቆረሱላት፣ ጠቀለሉት፣ እፍ አሉበት።

«አፍሽን ክፈቺ።»

«እኔ?»

«እምቢ አይባልም ብለሻል።»

ጎረሰች። ምሬት የለውም። ጨውም የለውም፤ በንዴት ረስተውታል። ድፍን አልጫ ነው።

«እህስ?» አሉ ፉሚኮ። ጭልፋቸውን እንደያዙ ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

፲

እንግዳ ከሆነች፦ «በጣም ይጣፍጣል።»

ልጅ ከሆነች፦

«                                        »