ቀይ የማይታይበት ክፍል

ባሌ ፎቶ አንሺ ነው። ሰፈርተኛው «ፈገግ በሉ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ላይ ሲጮኸው የኖረው ቃል ስሙ ሆኖ ቀረ። ለኔ ግን ግትር ነው። ግትርነት ቢሸጥ ኖሮ ይሄኔ ሀብታሞች ነበርን።

ቤታችን ፎቅ ላይ ነው፣ ስቱዲዮው ደግሞ ምድር ቤት። ከስቱዲዮው ጀርባ ፎቶ የሚያጥብባት ጨለማ ክፍል አለች፤ ቀይ አምፖል ብቻ ነው የሚበራባት። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ከንፈሬን ቀይ ተቀብቼ ዘው ብዬ ገባሁና ሳቀብኝ። «ከንፈርሽን የት ጥለሽው መጣሽ? እዚህ እኮ ቀይ ነገር ነጭ ነው የሚመስለው» አለኝ።

ስኳር ከያዘው ቆይቷል። እግሩ ከደነዘዘ በኋላ ጫማው ሲልጠው እንኳ አልተሰማውም፤ ቁስሉም አልድን አለ። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገረን፦ ካልዳነ እግሩ ከጉልበቱ በታች ይቆረጣል።

ክሊኒኩ ውስጥ ቁስል ላይ ቀይ ብርሃን የምታበራ ነርስ ነበረች። «ነጭ የደም ሴሎች ቁስል ሲያዩ ለውጊያ ይመጣሉ» አለችን። «ስኳር ያለበት ሰው ላይ ግን ውጊያው ካለቀም በኋላ አይበርዱም፤ ጥገናው አይጀመርም። ብርሃኑ አብርዷቸው ወደ ጥገና እንዲዞሩ ነው የምንሞክረው። ከመድኃኒቱ ጋር ነው ታዲያ።»

«እንደ አማት ናቸዋ! ለሠርግ መጥተው የሚከርሙ» አላት። እናቴን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኝ በክርኔ ጎሸምኩት።

እየቆየ የቁስሉ ጠርዝ መሰብሰብ ጀመረ። ነርሷ ስታሳየኝ እንባዬ መጣ፤ ከደስታ።

ችግሩ ደረጃው ነበር። በትከሻዬ ደግፌው ስወጣ ስወርድ ጉልበቴ አለቀ። አንድ ቀን መሀል ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩና መነሳት አቃተኝ። አጠገቤ ተቀምጦ ጉልበቴን አሸልኝ። በማግስቱ «ከክሊኒኩ መኪና ሊልኩልኝ ነው፤ አንቺ ሥራሽ ሂጂ። ፋሻውን ነርሷ ናት የምትቀይረው፤ እንዳትነኪብኝ» አለኝ። የምሠራው ልብስ መደብር ውስጥ ነው። እፎይ ብዬ ሄድኩ።

ማታ ማታ ስመለስ ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ፎቶ የሚያጥብበት ፈሳሽ ሽታ ነው፤ በትዳር ዘመኔ ሁሉ ከሸሚዙ ላይ የማውቀው። ሥራ ጀመረልኝ ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ። ያ ሽታ ሌላ ሽታ ይሸፍንብኝ እንደነበር ያወቅሁት፣ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ጥሎት ክሊኒክ ስወስደውና ፋሻው ሲፈታ ነው።

ነርሷ ዞራ አየችኝ። «መምጣት ያቆማችሁት ለምንድን ነው? ስደውል ሌላ ቦታ ጀምሬያለሁ አለኝ እኮ።»

እሱን አየሁት። ወለሉን እያየ ተናገረ። ለካ እኔ ስወጣ ጠብቆ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ደረጃውን ይወርዳል፣ ጨለማ ክፍሉ ይገባል፣ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ከቀዩ አምፖል ሥር ይቀመጣል።

«ብርሃን ብርሃን ነው፣ ቀይም ቀይ ነው ብዬ ነዋ» አለ። «ታዲያ ለኔ እግር ብዬ ያንቺን ጉልበት ልጨርሰው?»

«አባባ፣ ያ እኮ የፎቶ አምፖል ነው» አለችው ነርሷ፣ ቀስ ብላ። «የኛው ልኩም ኃይሉም ሌላ ነው።»

እግሩ ተቆረጠ። ጉልበቴን ሊያድንልኝ ብሎ እግሩን ሰጠ፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴን አሁን ምን ላደርገው?

ከሰመመኑ ሲነቃ እጄን ፈለገ። «በየቀኑ እዚያው አምፖሉ ሥር እየፈታሁ አየው ነበር እኮ» አለኝ። «እውነቴን ነው፣ ቅላቱ ጠፍቶ ነበር። ነጣ ብሎ ነበር። ጨርሶ ሲድን ድንገት ላሳይሽ ነበር ሐሳቤ።»

ተናደድኩ። ዕድሜ ልኩን እዚያ ክፍል የሠራ ሰው! አንድ ጊዜ እንኳ በሩን ከፍቶ በፀሐይ ቢያየው ምን ነበረበት?

«ከንፈሬስ?» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ግራ ገብቶት ከንፈሬን አየ። ከዚያ ገባው። እጄን ለቀቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እላዩ ላይ ተደፍቼ አብሬው አለቀስኩ። ምነው ያኔ አፌን በያዘልኝ።