ተፈታኙ ራሱ ሲያርም

ሊድያ ኮዱ ውስጥ ያለችውን የመደመር ምልክት በመቀነስ ምልክት ቀየረችና ቴስቶቹን እንደገና አስነሳቻቸው። ሁሉም ‘አልፏል’ የሚለውን አረንጓዴ አበሩ።

"ኧረ ባክህ!" አለችው ኮምፒውተሩን።

ፕሮግራሙ አያት ሰፈር ላለ አንድ ክሊኒክ የሕሙማንን ቀጠሮ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እያሰላ በስልክ መልእክት የሚልክ ነው። ከሰዓት በኋላ ርክክብ አለ። የቡድኑ መሪ መሐሪ ርክክቡ ካማረ፣ የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰችውን ሊድያን ቋሚ ሊያስደርጋት ቃል ገብቶላታል። ኮዱን የነካካችው ጥፋት አይታበት አልነበረም፤ ከጧት ጀምሮ አንድም ቀይ አለማየቷ ከንክኗት ነው። ቴስት ማለት ኮድ ሲሳሳት የሚጮህ ሌላ ኮድ አይደል? እስኪ ላሳስተውና ይጮህ እንደሆነ ልይ አለች። ይኸው በሽተኛው ላለፈ ቀን እየተቀጠረ ቴስቱ ጭጭ!

ምልክቷን ወደ ቦታዋ መልሳ ቴስቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ራሷ የጻፈችው ነው። ትክክለኛውን መልስ የሚያመጣው ከዚያው ከሚፈተነው ኮድ ነበር፤ ተፈታኙ ራሱ አራሚ ሆኖ ተቀምጧል። በሐፍረት ፊቷ ጋለ። ሆኖም ከሐፍረቷ ይልቅ የማወቅ ጉጉቷ በለጠና የክሊኒኩን ቀጠሮ ለሚይዙት ለሲስተር ፍረወይኒ ደወለች።

"ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዘንድሮ ጳጉሜን ሁለት የታየን ሰው ከዐሥር ቀን በኋላ ይምጣ ቢባል፣ ለመቼ ይቀጥሩታል?"

"ዘንድሮ ጳጉሜን አምስት ናት አይደል? ቆይ እስኪ…" በለሆሳስ ሲቆጥሩ ይሰማል። "መስከረም ሰባት። ምነው፣ የኔ ልጅ?"

"ማሽኑም እንደዚያ ይል እንደሆነ ላይ ብዬ ነው።"

መስከረም ሰባት የሚለውን ትክክለኛ መልስ አድርጋ በእጇ ጽፋ አዲስ ቴስት አስነሳች። ቀይ! ኮዱ መስከረም ስድስት ይላል፤ ለካ ጳጉሜንን በየዓመቱ ስድስት ቀን ያደርጋታል። ሊድያ ደስ ብሏት ሳቀች፤ ወዲያው ቋሚነቷ ትዝ ሲላት ሳቋ ጠፋ።

መሐሪ የመኪናውን ቁልፍ እያንቃጨለ መጣ። "ተነሺ እንሂድ፣ የአያትን መንገድ ታውቂው የለ። ሁሉም አረንጓዴ ነው አይደል?"

"ጧት አረንጓዴ ነበር።"

"አሁንስ?"

አዲሱን ቴስት ብታጠፋው ሁሉም እንደ ጧቱ ይሆናል። ማንም አያውቅባትም። ጣቷ ማጥፊያው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እነዚያን ምንም የማይፈትኑ አረንጓዴዎች፣ የራሷን ሥራዎች፣ መርጣ አጠፋቻቸው። ቀዩ ብቻ ቀረ። ስክሪኑን ወደ መሐሪ አዞረችው።

"ርክክቡ እንዲዘገይ ለክሊኒኩ አንተ ትደውላለህ" አለችው፣ "ወይስ እኔ ልደውል?"