የኮምፒውተሩ ልብስ

ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ቀጥ አለች። ያስሚን ማውሱን ወዲያና ወዲህ ገፋችው፤ ቀስቷ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ሦስት አራት ቁልፍ ደጋግማ ተጫነች። ምንም የለም። "ይኸው ደግሞ" አለችና ማብሪያ ማጥፊያውን ስክሪኑ ድርግም እስኪል ድረስ ተጭና ያዘችው።

ከመጋረጃው ማዶ ሳሎኑ በሴቶች ተሞልቷል። አባቷ ከማሉዲን ትናንት ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተቀብሯል። ከከፈኑ የተረፈው ቁራጭ አቡጀዲ እስካሁን መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ የሚያነሳው ሰው አልተገኘም።

እናቷ ሐዲጃ መጋረጃውን ገልጣ ብቅ አለች።

"ሰው ለተዕዚያ፣ ሊያጽናናን መጥቶ አንቺ እዚህ ቁልፍ ታንኳኪያለሽ?"

"ለምን እንደሚቆም ላውቅ ነው፣ እማ።"

"እኔ አውቃለሁ። ባሌን የበላው ይሄ ሳጥን ነው። እየቆመ እያናደደ ደሙን አፈላው።"

ከትናንት ጀምሮ ለገባው ሁሉ የምትናገረው ይህንኑ ነው። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው ብሏል፤ ግፊቱ ከየት እንደመጣ ግን ሐዲጃ የሐኪም ቃል አያስፈልጋትም። ባሏን ሞቶ ያገኘችው እዚህ ወንበር ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ስክሪኑ በርቶ፣ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሞ ነበር።

ከማሉዲን የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት እግሩ መቆም ሲያቅተው ሱቁን ለታናሽ ወንድሙ ለሙስዓብ ለቀቀና ሌላ ሥራ ጀመረ። ከኮላ ድባ እስከ አዲ አርቃይ ያሉ ሽማግሌዎች በቃላቸው የያዙትን መንዙማ ሰብስቦ መጻፍ። "እነሱ ሲያልፉ አብሮ ይቀበራል" ይል ነበር። ባሕር ዳር በስታቲስቲክስ ሙያ የምትሠራው ያስሚን፣ መሥሪያ ቤቷ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በጨረታ ሲሸጥ አንዱን ገዝታ በአውቶቡስ ላከችለት። በስድሳ ሁለት ዓመቱ በሁለት ጣት መጻፍ ለመደ።

ከዚያ ስልኩ መጣ።

"ያስሚን፣ ቆመ።"

"ምን ነክተህ ነው?"

"ምንም አልነካሁም።"

"አባ፣ ኮምፒውተር ዝም ብሎ አይቆምም። የሆነ ነገር ነክተሃል። አጥፍተህ አብራው።"

"የጻፍኩትስ?"

"ሴቭ አላደረግክም?"

"ሳላደርግ ነው የቆመው።"

"እንግዲህ ጠፍቷላ።"

ይህን ንግግር በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተነጋገሩት አታውቅም። ከባሕር ዳር ጎንደር ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ለኢድ ስትመጣ አንዴ ከፍታ ግማሽ ቀን ሠራችበት፤ አልቆመም። "ይኸው ይሠራል እኮ" አለችው። ከማሉዲን ኮምፒውተሩን የውሸት ምስክር እንዳየ ሰው አየውና ወጣ።

ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲበራ መጀመሪያ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገለበጠች። ሠላሳ አንድ መንዙማ ነው፤ አልጠፋም። እዚህ ላይ ትታው ሳሎን ልትቀመጥ ትችል ነበር። ነገር ግን ለወንዶቹ ውሃ ልታደርስ ወደ ድንኳኑ ስትወጣ አጎቷ ሙስዓብ ሲያወራ ሰማችው።

"ወንድሜ ጨርቅ ሲለካ አንዲት ጣት አይስትም ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ያው ጣት ዶማ ሆነ! አንዱን ሲነካ ሌላው ይሞትበታል።"

ሰዎቹ ሳቁ። ክፋት የለውም፤ ሐዘንተኛን ማሳቅም ወግ ነው። ያስሚን ጆጉን ጠረጴዛው ላይ ጠበቅ አድርጋ አስቀመጠችና ተመለሰች።

ሳጥኑ ልብስ ነበረው። ሐዲጃ በልኩ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ነው፤ እንደ ልጅ ቀሚስ ከላይ ገብቶ እስከ ታች ይወርዳል፤ ከውስጥ በአቡጀዲ ተገብሯል። ያስሚን አውልቃ ወንበሩ ላይ ወረወረችው። ብሎኖቹን ፈታች። ራም የሚባለውን የማስታወሻ ሰሌዳ ነቅላ፣ ከአባቷ የእርሳስ ማስቀመጫ ባገኘችው ላጲስ ጥርሶቹን አሸችና መልሳ ሰካችው። አቧራውን በብሩሽ ጠረገች። አበራችው። እስከ ዙሁር ድረስ ያለ እንከን ሠራ።

"ራሙ ነበር" አለች ለራሷ፤ ምሳ ልትበላ ወጣች።

ስትመለስ ቆሟል። ዳንቴሉ ደግሞ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ ተቀምጧል። እሱን ልብ አላለችውም። ተናዳ ወንበሩ ላይ ዘፍ ስትል ክርኗ መደርደሪያው ላይ ያለውን ደብተር ጣለው።

የአባቷ ጽሕፈት ነው። በየቀኑ አንድ መስመር፤ ቀኑ፣ የበራበት ሰዓት፣ የቆመበት ሰዓት፣ ያን ጊዜ የነካው ቁልፍ። "ሀ ስጫን ቆመ።" "ሴቭ ሳደርግ ቆመ።" "ምንም ሳልነካ ቆመ።" "ምንም ሳልነካ ቆመ።" ከአንዳንዱ መስመር ሥር ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ያልቆመ ቀን "ሰላም" ይላል።

ያስሚን ቁጥር ማንበብ ሙያዋ ነው። በመጋቢት ከበራ ከሠላሳ አምስት ደቂቃ አያልፍም። በሐምሌ ሁለት ሰዓት ይቆያል። በሁለቱም ኢድ ሰሞን ሰላም። ባለፈው ጥቅምት ደግሞ ዐሥራ አራት ቀን ሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሰላም፣ ሰላም፣ ሰላም።

ደብተሩን ይዛ ሳሎን ገባች።

"እማ፣ ጥቅምት ላይ ምን ነበር?"

"ምነው? እንፍራንዝ ነበርኩ፣ እህቴ ታማ።"

ጎረቤታቸው የትነበርሽ ከጎኗ ቀበል አደረገች። "ዳንቴሉን ይዘሽ የሄድሽ ጊዜ ነዋ! ያቺ እህትሽ ንድፉን ካልቀዳሁ አልድንም ብላ።"

"አዎ፣ ያኔ ነው" አለች ሐዲጃ፤ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። "የሳጥኑን ልብስ ይዤላት ሄድኩ። ለኢድ ለኢድ ካልታጠበ ሌላ ጊዜ ወልቆ አያውቅም።"

ያስሚን ወደ ክፍሉ ተመለሰች። እጇን ከአቡጀዲው ሥር አስገባች። ብረቱ እንደ ካውያ ይፋጃል።

መጀመሪያ የመጣላት ደስታ ነበር። አልነካም። አባቷ ምንም አልነካም። ወዲያው ግን የእናቷ ድምፅ ከመጋረጃው ማዶ ለአዲስ ገቢ እንግዳ ሲናገር ተሰማት። "ሳጥኑ ነው የበላው፣ እህቴ፤ ሳጥኑ ነው።" ያስሚን ደብተሩን ከደነችው።

በማግስቱ፣ በሐዘኑ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ጢም አለ። ሙስዓብ ለአዳዲሶቹ እንግዶች የዶማዋን ጨዋታ እንደገና አመጣት፤ ትናንት የሳቁት ዛሬም ሳቁ። ያስሚን የሻይ ፔርሙሱን እንደያዘች ወደ ክፍሉ ገባች። ሐዲጃ ተከትላት ገባች።

"ከትናንት ጀምሮ ዓይንሽን ታሸሺብኛለሽ። ምንድነው?"

"ምንም።"

"አንቺ መች ምንም ብለሽ ታውቂያለሽ? ተናገሪ።"

ያስሚን ነገር ማለስለስ አትችልበትም። ሞከረች፤ አልሆነላትም።

"ሙቀት ነው። አየር ሲያጣ ይግላል፤ ሲግል ይቆማል።"

ሐዲጃ ሳጥኑን አየች፣ ዳንቴሉን አየች። ብዙ አልፈጀባትም።

"አንቺ አይደለሽ አቧራ እንዳይነካው ያልሽ?" አለች በቀስታ። "በዳንቴሉ ቀዳዳ ይገባል ብዬ ነው እኮ አቡጀዲ የገበርኩበት።"

ያስሚን ረስታው ነበር። አሁን ትዝ አላት። ባሕር ዳር መናኸሪያ፣ ረዳቱ ሳጥኑን ወደ አውቶቡሱ ጣሪያ ሲያወጣ፣ በስልክ፣ በጥድፊያ የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር።

"ብያለሁ" አለች። "እኔ ነኝ ያልኩት።"

ሐዲጃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የጠየቀችው ስለ ራሷ አልነበረም።

"እና ጣቱ አልነበረም?"

"አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ።"

ደብተሩን ሰጠቻት። ሐዲጃ በሌባ ጣቷ እየተከተለች አነበበች። ምንም ሳልነካ። ምንም ሳልነካ። አንዱን ገጽ ጨርሳ ሁለተኛውን አልገለጠችም። ተነሳች፤ ሻሿን አጠበቀች፤ ሳሎኑን አቋርጣ ወደ ድንኳኑ በሚያወጣው በር መጋረጃ ጀርባ ቆመች።

"ሙስዓብ!"

ጨዋታው ቀጥ አለ። "አቤት፣ ሐዲጃ።"

"የወንድምህን ጣት ተወው። ጣቱ ደህና ነበር። ልብስ ደርቤ ሳጥኑን ያፈንኩበት እኔ ነኝ።"

"እኔ ነኝ አቧራ እንዳይነካው ያልኳት" አለች ያስሚን ከኋላዋ።

"አንቺ ዝም በይ።"

"ዝም አልልም፣ እማ።"

ሙስዓብ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ግራ ተጋብቶ መጋረጃውን አየ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ዳሰሰ። "ያ ሁሉ ጊዜ 'አልነካሁም' ሲለኝ አላመንኩትም" አለ። "አላህ ይርሐመው።" ሰዎቹ "አሚን" አሉ። ከዚያ ወዲያ የዶማን ነገር ያነሳ የለም።

ከተሲያቱ የአስር ሶላት በኋላ እንግዳው ሳሳ። ያስሚን ዳንቴሉን አውልቃ አልጋው ላይ አስቀምጣ ኮምፒውተሩን አብርታ ሠላሳ አንዱንም መንዙማ አባቷ ከሽማግሌዎቹ አፍ በእጁ ከጻፈባቸው ደብተሮች ጋር እያስተያየች አነበበች። የመጨረሻው በግማሽ ቀርቷል። የቀረውን ከእነዚያው ደብተሮች አይታ ጻፈችው። አንድም ጊዜ አልቆመም።

ሐዲጃ ገባች። "ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

"አጥፊው።"

አጠፋችው። ሐዲጃ ዳንቴሉን አነሳች። ያስሚን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እናቷ ግን አላለበሰችውም። ልብሱን በግራ ክንዷ ላይ አድርጋ ቀኝ መዳፏን ሳጥኑ አናት ላይ አሳረፈች።

"ገና ነው" አለች።

ቆማ ጠበቀች። ከደጅ የድንኳኑ ገመድ ሲፈታ፣ ወንበር ሲደራረብ ይሰማል። ያስሚን ወንበሩን ሳበችላት፤ አልተቀመጠችም። መዳፏ ከብረቱ ላይ አልተነሳም።

ብረቱ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ በአቡጀዲ የተገበረውን ልብስ በሁለት እጇ ዘርግታ ከላይ ወደ ታች አለበሰችው፤ ጠርዙንም በአራቱም በኩል አስተካከለች።