ከአጥንቱ ወዲያ

«አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አድርገው። እንዲያ። አሁን አጥብቀህ ያዝልኝ፣ ደሊል» አለ የራጅ ባለሙያው ገመዳ።

ደሊል ጨረር የሚከላከለውን ከባድ የእርሳስ ሽርጥ አጥልቆ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ የልጁን ጭንቅላት በሁለት እጁ ያዘ። የስድስት ዓመቷ ፋዲላ ቀዝቃዛው ጠረጴዛ ላይ ተጋድማ ዓይኗን ጨፍናለች።

«እንዳትነቃነቂ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ጎበዝ፣ አለቀ» አላት ገመዳ።

ሦስተኛ ራጇ ነው። በፊተኞቹ ምንም አልተገኘም፤ ልጅቱ ግን እየተንቀጠቀጠች መውደቋን አልተወችም። ኪኒን ከጀመረች ወዲህ ቢቀንስላትም ጨርሶ አልለቀቃትም። ሐኪሟ ዶክተር ፀዳለ ሌላ ራጅ አያስፈልጋትም ብትልም፣ ደሊል ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ መልሶ ለምኖ አስፈቀደ። ነገ ጎህ ሲቀድ ከጭነት መኪናዎቹ ኮንቮይ ጋር የእርዳታ እህል ሊጭን ከናዝሬት ወደ አሰብ ይወርዳል። የድርቅ ዓመት ነው፤ እህሉም የሚሄደው ለገዛ አገሩ ለወሎ ስለሆነ እቀራለሁ ማለት አይታሰብም። ከመሄዱ በፊት ግን የልጁን በሽታ በዓይኑ ማየት ፈልጓል።

ዛሬ እንደሚታይ አልተጠራጠረም፤ ከሐሙስ ወዲህ ኪኒኗን አቋርጦባታላ። ይህን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሚስቱን በድሪያን «እኔ እሰጣታለሁ» ብሎ ተቀብሏት ነበር። ሃያ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው የሚያስበው እንደ ሾፌር ነው። መኪና አዋሽ ላይ ስታንኳኳ ትውልና ጋራዥ ስትገባ ዝም ትላለች፤ መካኒኩም ምንም የላትም ብሎ ይመልስሃል። እንዲሰማልህ ከፈለግህ ሳትነካካ፣ እያንኳኳች ይዘሃት ትሄዳለህ። ኪኒኑም በሽታውን ከራጁ የሚደብቀው መሰለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ደሊልም ይህን ካሰበ ወዲህ እንቅልፉን ለጥ ብሎ ሲተኛ ሰነበተ።

ዶክተር ፀዳለ ገና ያልደረቀውን ፊልም በመስኮቱ ብርሃን ዘርግታ አየችው።

«አጥንቱ ደህና ነው።»

«አጥንቱን ማን ጠየቀ? አንጎሏስ?»

«አንጎል በራጅ አይታይም፣ አቶ ደሊል። ባለፈውም ነግሬዎታለሁ። አጥንት ጠንካራ ስለሆነ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከአጥንቱ ወዲያ ስስ ሽፋን አለ፣ ውሃ አለ፣ አንጎሉ እዚያ ውስጥ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ጨረሩ ዝም ብሎ ያልፈዋል።»

«ታዲያ ያላዩትን ነው የሚያክሙት?»

«ያዩት እርስዎ ነዎት። ስትወድቅ መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው ቀኝ እጇ ነው ብለውኛል። ቀኝ እጅን የሚያዘው የአንጎል ግራው ክፍል ነው። ስለዚህ የሚነሳባት ከዚህ ይመስለኛል» ብላ የገዛ ራሷን፣ ከግራ ጆሮዋ ከፍ ብሎ ነካች።

«ሽቦዋ ተጠላልፏል ማለት ነው?»

«የእርስዎም የእኔም እንዲሁ ነው።»

ደሊል ሳያሳዩት በምልክት ብቻ ሲነግሩት ደሙ ይፈላል። «እኛ ጋ ኮፈን ሳይከፍት ብልሽቱ ይሄ ነው የሚል መካኒክ ሌባ ነው» አለ።

«ከፍቶ የሚያሳይ ማሽን ውጭ አገር አለ። እኛ ጋ አልደረሰም። ቢኖረንም እብጠት ካላገኘሁ በቀር የምሰጣት ያንኑ ኪኒን ነው።»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ፋዲላ ከአግዳሚው ላይ «አባ» አለች። ቀኝ እጇ መርገፍገፍ ጀመረ፤ ከንፈሯ ወደ ጎን ተሳበ፤ ከዚያ መላ አካሏ ተገተረና ወደቀች። ደሊል ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ ጫረ፣ ጭሱንም ወደ አፍንጫዋ አስጠጋ። ሰው ሲወድቅ ከልጅነቱ ያየው ይህንኑ ነው። ፀዳለ እጁን መትታ አስጣለችው፤ ልጅቱን በጎኗ አስተኝታ ነርሷን ጠራች፤ መርፌ ተወጋች።

አንቀጥቅጦ ለቀቃት፣ ተመልሶ ያዛት። ከንፈሯ ጠቆረ። ደሊል «ያ አላህ፣ ያ አላህ» እያለ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛ መርፌ ከተወጋች በኋላ እጇ ላላ፣ ማንኮራፋትም ጀመረች።

«እንዲህ ረዝሞባት ያውቃል?» አለች ፀዳለ።

«አያውቅም።»

«ኪኒኑን ሳታቋርጥ ነው?»

ደሊል የወደቀውን ክብሪት ከወለሉ አነሳ።

«አቶ ደሊል።»

«ከሐሙስ ወዲህ አልሰጠኋትም። በሽታው ይታይ ብዬ ነው። ኪኒኑ እየደበቀው...»

አልጮኸችበትም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። «በድንገት ሲቋረጥ ብሶ ነው የሚመለሰው። ዛሬ ልትሞትብዎት ትችል ነበር። ለመሆኑ ነገ ሲሄዱ ማን ነው የሚሰጣት?»

«እናቷ ናት።»

«እንግዲያው ባለቤትዎን ይጥሩልኝ። ለእሳቸው ላስረዳ። ልጅቷ ዛሬ እዚሁ ታድራለች።»

«እኔ እነግራታለሁ፣ ዶክተር።»

«ምን ብለው?»

ልጁን ለነርሷ አደራ ብሎ ወጣ።

እስከ በድሪያ ሱቅ ድረስ በእግሩ ሄደ። ባለጋሪዎቹ «ላድርስህ» ቢሉትም አልሰማቸውም። ራጁ ምንም አላሳየም፣ ኪኒኑን ቀጥሉ ተብሏል ቢላት ውሸት አይሆንም። ጎህ ሲቀድ እሱ መንገድ ላይ ነው፤ ዶክተሯም ሱቅ ድረስ መጥታ አታሳብቅበትም። በፊልሙ ተናደደ፣ በአጥንቱ ተናደደ፣ ሰው አገር በተቀመጠው ማሽን ተናደደ። ንዴቱ የሚያርፍበት ሲያጣ ዞሮ እሱው ላይ መጣ። ሳያየው ያመነውን የገዛ ሃሳቡን ነበር ልጁ ላይ የሞከረው።

በድሪያ ጨው እየመዘነች ነበር። ፊቱን ስታይ ሚዛኑን ተወችው።

«የት ጥለሃት መጣህ?»

«ሆስፒታል ናት። ወድቃ ነበር፤ አሁን ተኝታለች።»

«ራጁስ? ምን ታየ?»

«ምንም።» እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። «ሱቁን ዝጊና ነይ። ዶክተሯ የምትነግርሽ ነገር አለ።»

«አንተ ንገረኛ።»

«እኔ ከነገርኩሽ ጥፋቴን አሳምሬ ነው የምነግርሽ» አላት። «ከሷ ስሚው። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።»